ቆጣሪና ኮረሪማ

ከሌሊት ተረኛ ስወጣ ከሆስፒታል፣
ጅማ ላይ ሰማዩ ገና ያንጠባጥባል።
ባጃጁ በጭቃው ቆጪ መታጠፊያ
አውርዶኝ ተመልሷል፣ የለውም መግቢያ።
ከአልጋዬ ሥር አለኝ ነጭ የበቆሎ ዱቄት፣
ሐሙስ ያስፈጨሁት ሂርማታ ወፍጮ ቤት፣
ሽታው እንደ ፀሐይ፣ እንደ ሞቀ መሬት።

መብራት የለም። ማለቴ፣ አለ፤ ለእኔ የለም።
አከራዬ አዴ መኪያ ገና ሲጨላልም
የክፍሌን ፊውዝ ነቅለው ከመቀነታቸው
ቋጥረው ነው የሚተኙት፤ ይኸው ነው ጸሎታቸው።
«ባለፈው ወር ደግሞ ምጣድ ለኩሰሻል!»
«ኧረ ሻይ ነው፣ አዴ።» «ሻይ ይህን ይበላል?»

ስለዚህ በከሰል። እፍኝ ፍም፣ ቅዳጅ ጋዜጣ፣
ከደጄ ደረጃ ላይ፣ ጭሱ እንዲወጣ።
ግማሹን ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጥኩ፤
(ይህን ሳላውቅ በፊት ስንቱን ድስት አጓጎልኩ፣
ስንቱን ለጎረቤት ዶሮ አበረከትኩ።)
ውሃው ሲንተከተክ አንድ ቀረፋ እንጨት፣
ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ፣ ትንሽ የጨው ቅንጣት፣
መጀመሪያ ብጥብጡ፣ ቀጥሎ ደረቁ ዱቄት፣
በትንሽ፣ በትንሽ፣ እንደ ሕፃን መድኃኒት።

ማማሰል ሥራ ነው፤ ክንድ ይጠይቃል።
ደግሞ የሌሊቱ ሰው ትዝ ይለኛል፣
አልጋ ቁጥር ዘጠኝ፣ ያ ዝምተኛ፣
«ሾርባውን ለሚበላው ስጪው፣ እኔ ልተኛ።»
ገንፎው ይጎተታል፣ ይወፍራል፣ ይከብዳል፣
ጷ ብሎ ይፈነዳል፣ ተመልሶ ይገጥማል።
ማማሰያው ብቻውን ቆሞ ሲያየኝ፣
በስሏል ማለት ነው፤ እናቴ እንዳለችኝ።

ወተት አንድ ስኒ፤ የጅሬን ማር በማንኪያ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አንዱ ለምላስ መሞከሪያ።
ኮረሪማ መጨረሻ፣ ድስቱ ከወረደ፤
ቀድሞ ከገባማ ሽታው በኖ ሄደ።
ልጡን ሰነጠቅሁት፣ ፍሬው ዱብ ዱብ ብሎ ወጣ፣
በጠርሙስ ደቆስኩት።
ሽታው በር ሳያንኳኳ
የሰው ቤት ገባና አዴ መኪያን ይዞ መጣ።

«ምንድነው እሱ?»
«ገንፎ።»
«ምን ምን ይላል ታዲያ?»
«ማር ነው፣ አዴ።»
«ማር! ገንፎ ላይ? ወላሂ ዘንድሮ ያልሰማሁት የለ!
ቅቤና በርበሬ መሐሉ ካልዋለ
ይሄ የሕፃን ነው፣ የፈረንጅ ነው፣ የታመመ ሰው ነው!»
እያሉ በርጩማዬን ወደ ድስቱ ሳቡ።
እያሉ ተቀመጡ።
እያሉ ሳህን ተቀበሉ።

ከዚያ ዝም።

ሻሻቸው ከአፋቸው ሲወርድ ያኔ አየሁት፤
ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ፣ ሌላው የለበት።
ሁልጊዜ ሲቆጡኝ የሚሸፍኑት ለካ
ይህ ነበር። ዳቦ በሻይ እየነከሩ ስንት ወር!
እኔ የሰውን ሁሉ ትኩሳት ስለካ
ከግድግዳው ማዶ ያለውን ድድ አላውቅም ነበር።

«ኮረሪማው አንሷል» አሉ፣ ሳህኑን ጠርገው።
ሌላ ጨመርኩላቸው። እሱንም ተሸክመው
ምንም ሳይሉኝ ሄዱ፣ ከነማንኪያዬ፣
ጠብ ጠብ እያለ ዝናቡ በቆርቆሮዬ።

ተኛሁ። ከሰዓት ስነቃ ሳህኔ ከደጅ ነው።
ባዶ ዕቃ አይመለስም፤ ሁለት ራስ ኮረሪማ አለው፣
ከጓሮ የተቀጠፈ፣ ልጡ ገና ቀይ የሆነ።
ከሥሩም የመብራት ሂሳብ፣ በአራት የታጠፈ፤
ያው የወትሮው ብር ነው፣ ሳንቲም ያልጎደለ።

ቀና ስል ግን፣ አምፖሌ በርቷል።
ዝናቡ አባርቶ፣ መስኮቱን ፀሐይ ሞልቶት፣
በጠራራ ቀን በርቷል።
ኮሪደሩ ላይ ቆጣሪው ሲዞር ይሰማኛል።

አላጠፋሁትም።